ቆሟል

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ከዚራ፣ ቢሯችን፣
ፋኑ ሙቀታችንን መልሶ ሲያድለን፣
«የማንጎው ጭማቂ ይቁም» አለ ምህዲን።
እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፤
ቃለ ጉባኤው ላይ «ቆሟል» ተብሎ ሰፈረ።
ሦስት ፊደል ብቻ።
ሳምቡሳ መጣልን፤ ቀለል ብሎን ወጣን።

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ከቃል ይልቅ ደረሰኝ አምናለሁ።
ሰኔ ላይ የመብራት ሒሳብ መጣ፦
ሳቢያን፣ መጋዘን፣ ማቀዝቀዣ ክፍል።
የከረመ ዕዳ ነው ብዬ ከፈልኩ።
ሐምሌ ላይ ደግሞ መጣ፣ ያውም ወፍሮ።
በነሐሴው ባጃጅ ያዝኩና
የሞተውን ልጠይቅ ሄድኩ።

ሮብሌ በሩ ላይ ነበር፣ ሽርጡን ጠበቅ አድርጎ፣
ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ።
«ምን ትጠብቃለህ?»
«ፕሮጀክቱን።»
«ቆሟል እኮ፣ ሮብሌ!»
«አዎ፣ ቆሟል» አለኝ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣
«እኔ እያለሁ ማን ይጥለዋል?»

ውስጥ ገባሁ።
ድሬ ከነቆርቆሮዋ ስትጠበስ
እዚያ አንድ ክፍል ሙሉ ደጋ ተቀምጧል፣
ባለቤት የሌለው ደጋ፣
ባዶ ሣጥን እያበረደ፣ እያጉረመረመ።
ጥግ ላይ ስምንት ሺህ መለያ፤
ቢጫ ማንጎ፣ አረንጓዴ ቅጠል፣
የሚለጠፍበት ጠርሙስ ገና ያልተወለደ።

ማን ይንገረው ነበር?
ግዥ ክፍል፣ ሒሳብ ይነግረዋል ብሎ፤
ሒሳብ እኔ ነኝ፣ ምህዲን ይነግረዋል ብዬ፤
ምህዲንማ፣ አለቃ አይደል፣
እሱ «ይቁም» ካለ ዓለም የቆመ ይመስለዋል።
ደቻቱም ቆሞ ነው የሚከርመው፣
አሸዋ ሆኖ፣ ልጆች ኳስ ሲጠልዙበት።
ቆሟል ብለው የተኙበትን
ከተማው ያውቃል፤ እኔ አልናገርም።

አባቴ የባቡር ሰው ነበር።
ሥራው ከቆመ በኋላ ሁለት ዓመት
ቱታውን እያሳጠበ፣ በማለዳ ተነስቶ
እስከ ጣቢያው አጥር ይሄድ ነበር።
«አልቋል» ያለው ሰው አልነበረም፣
«ለጊዜው» ነው ያሉት።
ለጊዜው የሚባል ጊዜ በላው።

በማግስቱ ኤረር ወረድኩ።
ኦቦ ጡሃ ከዛፎቹ ሥር ተቀበለኝ፤
እግራችን ሥር የጠቆረ ማንጎ፣ ተርብ የከበበው፣
ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ።
«የጂቡቲ ነጋዴ መጥቶ ነበር» አለኝ፣
«መለስኩት። ቀብዳችሁን በልቻለሁ፣
ቃል ደግሞ አንድ ነው።»
ሳይቆጣ ነው ያለው።
ቢቆጣ በተሻለኝ።

መስከረም። ያው ፋን፣ ያው ጠረጴዛ።
እጄን አወጣሁ።
ግሡ ነው የሸወደን አልኳቸው፤
ቆመ ስንል የተኛ መስሎን።
የቆመማ ይኸው ቆሟል፣ በእግሩ፣
ይበላል፣ ደመወዝ ያስከፍላል።
ሰው ሲሞት እድሩ ጥሩንባ ያስነፋል፣
ለዚህ ማን ነፋ?
ጡሃን ማን አረዳው?
ማጥፊያውን የትኛው እጅ ይጫን፣ በየትኛው ቀን?
ስም ጻፉበት።
ከዚያ አንድ ሰው ይሂድና አፈሩን በእጁ ይንካ።

ምህዲን ብዙ ዝም አለ።
«ለጡሃ ስንት ነው?» አለኝ በመጨረሻ።
ቁጥሩን ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ፈረመ።

ማቀዝቀዣውን ራሴ አጠፋሁት፣ ሮብሌ እያየኝ።
በአንዴ አልሞተም፤
አንገራገረ፣ አቃሰተ፣ ከዚያ ጠብታ፣
ሌላ ጠብታ።
«አሁንስ ምን ልጠብቅ?» አለኝ።
«ና፣ መጋላ ሌላ በር አለን።»
ዱላውን አነሳ።

ጥቅምት ላይ ፖስታ መጣ፦
ፍጆታ፣ ዜሮ።
የቆጣሪ ኪራይ፣ አሥራ ስድስት ብር።
ባጃጅ ጠራሁ።